«ከጎበዝ ልጅ ጋር ያስቀምጡልኝ»፦ ስለ ፊዚክስ የጋራ ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ወደ እኔ ይመጡና «መምህር፣ እባክዎን ልጄን ከጎበዝ ልጅ ጋር ያስቀምጡልኝ» ይሉኛል። ጥያቄው ከወላጅ ፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው እምነት ግን ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ከ20 በላይ ዓመታት ብዙ ልጆችን ሲጎዳ ስላየሁት በዝምታ ላልፈው አልችልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ትምህርት ቤት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበው የሚያጠኑ ተማሪዎች በዝተዋል፤ ይህ እጅግ ደስ ያሰኘኛል። የሚያሳዝነኝ አብዛኞቹ የሚያጠኑበት መንገድ ነው።

ዋናው የተሳሳተ አመለካከት እንዲህ የሚል ነው፤ «የጥናት ቡድን ማለት ጎበዙ የሚያስረዳበት፣ ሌሎቹ የሚያዳምጡበት ነው።»

አንድ መሪ ተማሪ ከአምስት ተማሪዎች ጋር በሚደራጅበት በ1ለ5 አደረጃጀት ያለፈ ሰው ሁኔታውን ያስታውሰዋል። ተማሪዎች እርስ በርስ ይማማሩ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር፤ በእኔ ክፍል ውስጥ የሆነው ግን መሪው ወርክሺቱን ሲሠራ አምስቱ መገልበጥ ነበር። አምስቱም መልሱ ትክክል መሆኑን እንጂ ለምን ትክክል እንደሆነ አይጠይቁም ነበር፤ ምክንያቱም ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ ደግሞ አይሳሳትም ብለው ያምናሉ። ሰው ሲሠራ ማየት መሥራትን ያስተማረ ይመስላል። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ዓመታት ያየች ልጅ ምጣዱ ፊት ብቻዋን በተቀመጠች ቀን ሊጡ እንዴት እንደሚዞር እጇ አያውቀውም፤ ፊዚክስም እንደዚሁ ነው።

አንድ ገጠመኝ ላንሳ። አራት ተማሪዎች ለሞዴል ፈተና ሲዘጋጁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የቡድኑ ጎበዝ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ምን ያህል ከፍታ እንደሚደርስ በቀመር ሠርቶ 20 ሜትር የሚለውን መልስ በግማሽ ደቂቃ አወጣ፤ ሦስቱም ጻፉት። ደብተራችሁን ዝጉ አልኳቸውና ድንጋዩ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሦስቱ ዜሮ አሉ። ጎበዙ 10 ነው፣ ወደ ታች ነው አለ፤ መልሱም ትክክል ነበር። ሦስቱ ወዲያውኑ መልሳቸውን ቀየሩ። ለምን 10 ሆነ ብዬ ስጠይቀው ግን «ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) ስለሆነ ነው» ከማለት ያለፈ ምክንያት አላገኘም። ጥቂት ዝም ተባባሉና እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተናገረችው ልጅ፣ «መምህር፣ ፍጥነቱም ዜሮ፣ አክስለሬሽኑም ዜሮ ከሆነማ ድንጋዩ እዚያው አየር ላይ ተሰቅሎ ሊቀር አይደል?» አለች። ቁልፉ ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልጨምርበት እርስ በርስ ደረሱበት፤ ድንጋዩ ጫፍ ከመድረሱ 1 ሰከንድ ቀደም ብሎ ፍጥነቱ ወደ ላይ 10 ነው፣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ወደ ታች 10 ነው፣ ስለዚህ በ2 ሰከንድ ውስጥ የ20 ለውጥ አለ፤ ለውጡም ጫፉ ላይ ለቅጽበት እንኳ አላቋረጠም። ጎበዙ ልጅ ሲጽፈው የነበረውን ቀመር ትርጉም ያወቀው በዚያ ቀን እንደሆነ በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቻቸው ከባድ ከባድ ስሌቶችን ስለሚሠሩ በማስተማራቸው ይረኩ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግን ስለ ኒውተን ሕጎች ስሌት የሌለባቸው ቀላል ጥያቄዎች አቀረቡላቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከባድ መኪናና ትንሽ መኪና ሲጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ፎርስ (መግፋት ወይም መሳብ) ያሳርፋል የሚለው ዓይነት ነበር። አንዲት ተማሪ ታዲያ መልሱን እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ልጻፍ ወይስ እኔ በማስበው መንገድ ብላ ጠየቀቻቸው። ማዙር ከዚያ በኋላ አሠራራቸውን ለወጡ፤ ጥያቄ ያቀርባሉ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይመልሳል፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ይከራከራል፣ በመጨረሻም እንደገና ይመልሳል። ነገሩን ትናንት የተረዳ ተማሪ የት ላይ እንደተደናቀፈ ስለሚያስታውስ፣ ካወቀው ዘመናት ካለፉት መምህር ይልቅ ጓደኛውን ማስረዳት እንደሚችልም አስተዋሉ።

«ጎበዝ የሌለበት ቡድን ምን ይጠቅማል?» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ የወጣ፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በጄኔቲክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ መልሱን የሚያውቅ ማንም ባልነበረበት ጊዜ እንኳ ውይይቱ ተማሪዎቹን ወደ ትክክለኛው መልስ አቅርቧቸዋል። ሥራውን የሠራው ክርክሩ ነው።

ስለዚህ የጥናት ቡድን ያላችሁ ተማሪዎች እንዲህ አድርጉ። ከሦስት ወይም ከአራት አትብለጡ፤ ስድስት ስትሆኑ ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ። ከመገናኘታችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን ለየብቻችሁ ሠርታችሁ ኑ፤ ያልሠራ ሰው ሥራውን ጥግ ይዞ ይጨርስ እንጂ ወዲያው አይቀላቀል። ስትገናኙ መልሳችሁ አንድ የሆነበትን ጥያቄ ትታችሁ የተለያየበትን ብቻ አንሡ፤ መጀመሪያም የሚያስረዳው እርግጠኛ ያልሆነው ይሁን። እስክሪብቶው በረዳቱ እጅ ሳይሆን እርዳታ በሚቀበለው ተማሪ እጅ ይቆይ፤ ይህቺን አንዲት ነገር ብትጠብቁ ብቻ ብዙ ይለወጣል። ረዳቱ ተማሪ በአፉ ይጠይቅ፤ «የተሰጠን ምንድን ነው? ሥዕሉን ሣልከው? በዚህ ዕቃ ላይ ስንት ፎርስ ያርፍበታል?» ይበል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሁላችሁም ያንኑ ጥያቄ ደብተር ዘግታችሁ ለብቻችሁ እንደገና ሥሩት። ያን ቀን ካልሠራችሁት አልገባችሁም ማለት ነውና ሳታፍሩ ወደ ቡድኑ መልሱት።

ሌሎቹን አመለካከቶች በአጭሩ ላንሳ።

«ጎበዙ ልጅ ሌሎችን ሲረዳ ጊዜው ይባክናል» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ከላይ ያለው የድንጋዩ ታሪክ ይመልስላቸዋል።

«ፊዚክስ ቀመር መሸምደድ ነው» ይባላል። ከባድ መኪና ከባጃጅ ጋር ቢጋጭ ሁለቱ እርስ በርስ የሚያሳርፉት ፎርስ እኩል መሆኑን ለማወቅ የሚሸመደድ ቀመር የለም፤ ባጃጇ የምትጎዳው መጠነ ቁሷ (ማስ) አነስተኛ በመሆኑ ለዚያው ፎርስ አክስለሬሽኗ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

«ፊዚክስ የወንዶች ትምህርት ነው» ለሚሉ፣ ማሪ ኩሪ በ1903፣ ማሪያ ጎፐርት ማየር ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሴት ልጅን ጸሐፊ፣ ወንዱን አስረጂ አድርጎ የሚያደራጅ ቡድን ሳይ ወዲያውኑ ቦታ አቀያይራቸዋለሁ።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የመልስ ወረቀቶች ደግሞ አስተማማኝ አይደሉም። ማን እንደሠራቸው አይታወቅም፣ ስህተት የበዛባቸውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄዎቹን ውሰዱ፣ መልሶቹን ግን ራሳችሁ እስክትጨርሱ ድረስ አትክፈቱ።

በመጨረሻ ሰፋ አድርጌ የማነሣው፣ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ውይይቱም በእንግሊዝኛ ብቻ መሆን አለበት» የሚለውን ነው። አንዳንድ ቡድኖች በአማርኛ የተናገረን ይቀጣሉ። ውጤቱም ትምህርቱ የገባው ልጅ እንኳ ዝም ማለቱ ነው፤ ልጁ ሐሳቡን ያውቀዋል፣ ቃላቱ ግን አይመጡለትም። በምታስቡበት ቋንቋ ተከራከሩ፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ስያሜዎቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የዕለት ተዕለት ቋንቋችን ፊዚክስ የሚለያቸውን ነገሮች ይቀላቅላቸዋል። ኃይል የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ድንጋይ የሚገፋውንም፣ በባትሪ ውስጥ የተከማቸውንም፣ የመብራቱንም ኃይል እንላለን፤ ፊዚክስ ግን የመጀመሪያውን ፎርስ ብሎ በኒውተን፣ ሁለተኛውን ኢነርጂ ብሎ በጁል፣ በሰከንድ የሚሰጠውን ኢነርጂ ደግሞ ፓወር ብሎ በዋት ይለካል። የቤታችን ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት የፓወር ሳይሆን የኢነርጂ መለኪያ ነው፤ 1 ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። ክብደትም እንዲሁ ነው፤ ገበያ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ክብደቱ 100 ኪሎ ነው እንላለን፣ ለፊዚክስ ግን 100 ኪሎግራም መጠነ ቁሱ ሲሆን ክብደቱ 980 ኒውተን ገደማ ነው፤ ጨረቃ ላይ ብንወስደው ጤፉ ያው 100 ኪሎግራም ሆኖ ክብደቱ ወደ 162 ኒውተን ይወርዳል።

ስለዚህ በምታስቡበት ቋንቋ ስትከራከሩ እነዚህን ስያሜዎች ፎርስ፣ ኢነርጂ፣ ፓወር፣ ማስ እያላችሁ እንዳሉ ያዟቸው፣ እያንዳንዱንም ከመለኪያው ጋር ጥሩት። ውይይቱ ሲያበቃ ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው የተሰጠውንና የተጠየቀውን በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይንገረው፣ በሚቀጥለው ጥያቄም ቦታ ይቀያየሩ።