ሪፈር (የመላኪያ ወረቀት) ሳትይዙ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አትሂዱ የሚባለው ለምንድነው?

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲጠይቅ ስላየሁ ነው፣ "ሁሉም ሆስፒታል አይደል እንዴ ለምን ያመላልሱናል" የሚለውን። ሆስፒታል ሁሉ እኩል አይደለም። ከታች ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ አለ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይመጣል፣ እሱ በስታንዳርዱ ከ60 ሺ እስከ 100 ሺ ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው፣ ማዋለድ ኦፕራሲዮንን ጨምሮ እዛው ይሰራል። ከሱ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊየን ሰው፣ ከዛ ስፔሻላይዝድ፣ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊየን። ደብረ ብርሃን ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ የሚባለው እዚህ ላይኛው ላይ ነው፣ ስለዚህ ከመንዝም ከመርሐቤቴም ከይፋትም የከበደው በሽተኛ ወደሱ ነው የሚላከው፣ ጉንፋን ይዞት የመጣ ሰው እዛ ሲሰለፍ ወረፋው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሪፈር ማለት እንግዲህ ያቺ ማህተም ያላት ወረቀት ናት፣ ምን እንደተመረመራችሁ፣ ምን መድሃኒት እንደተሰጣችሁ፣ ለምን እንደተላካችሁ ይፃፍባታል። ከመውጣታችሁ በፊት ማህተሙን እዩት፣ ረስተውት እስከ መንዝ መሀል ሜዳ ድረስ መመለስ አለ! የጤና መድህን ደብተር ያላችሁ ደሞ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድህኑ እንደወትሮው አይሸፍንላችሁም፣ ከኪስ ታወጣላችሁ። ደብተሩም የታደሰ ይሁን።

ድንገተኛ ሲሆን ግን ይሄ ሁሉ ቀሪ ነው። አደጋ የደረሰበት፣ ደም የሚፈሳት ወላድ፣ ራሱን የሳተ ሰው ይዛችሁ ወረቀት አትፈልጉ፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቀጥታ ግቡ፣ ወረቀቱን እነሱ ይፅፉታል።