የድሮ የስፖርት መኪና ውበት ምኑ ላይ ነው? ከደብረ ብርሃን ሲታይ

የስፖርት መኪና የሚባለው ለፍጥነትና ለመንዳት ደስታ ተብሎ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መኪና ነው። «ክላሲክ» የሚለው ስም በአብዛኛው የሚሰጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ለተሠሩት ነው። ስለ መኪኖቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ማየት ብርቅ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ብርሃን፣ ዋናው መንገድ ላይ የሚመላለሰው አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ጋሪ ነው። ይሁን እንጂ አገሩ ለመኪና ባዕድ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ደሴ የዘረጋው መንገድ በዚሁ ያልፋል። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ በስቶ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣትን መኪና የተቀበሉት ዳግማዊ ምኒልክም የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው።

የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ ቅርጽ ማየት ያውቃል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና»፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረስ ስም የተጠሩበት አገር ነው። ፈረስ የሚያውቅ ገዢ ገበያ ላይ ቀድሞ የሚያየው የፀጉሩን ቀለም አይደለም። ራቅ ብሎ ይቆምና አቋሙን ያያል። አንገቱ ከትከሻው እንዴት ይነሳል? ወገቡ ረዝሟል? የኋላ እግሩ መሬቱን ረግጦ ይዟል? የድሮ የስፖርት መኪናም እንዲሁ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ከሩቅ፣ በጎን በኩል፣ ቀለሙንና የሚያብረቀርቀውን ብረት ረስቶ። እንዲህ ሲታይ ውበቱ ከየት እንደመጣ ይገለጣል፤ ከስር ካለው ሞተር፣ ከፊት ከሚመጣው ንፋስና ላሜራውን ከቀጠቀጠው እጅ።

መጠን ከሁሉ ይቀድማል

በየመንደሩ የምናየውን ቪትዝ አስቡት። የፊት ጎማው በሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ አግድም ተቀምጦ ከፊት ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። የቀረው ለሰውና ለዕቃ ነው። ለከተማ መኪና ትክክለኛ አሠራር ነው።

በድሮው የስፖርት መኪና ነገሩ ይገለበጣል። ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ረጅም ሞተር በቁመቱ ይተኛል። ክብደቱ ወደ መሃል እንዲመጣ ከፊት ጎማው መስመር ወደ ኋላ ይሳባል። ሹፌሩም አብሮ ወደ ኋላ ይገፋና የኋላው ጎማ አጠገብ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት በፊት ጎማውና በበሩ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ዲዛይነሮች ለዚህ ክፍተት ይሳሳሉ። መኪናው ገና ቆሞ እያለ ስለ ጉልበቱ የሚናገረው እሱ ነውና።

ለዚህ ከጃጓር ኢ ታይፕ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መኪናው በ1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየ። ኮፈኑ የመኪናውን ግማሽ ያህል ይወስዳል። ሲከፈት ደግሞ ከነፓራፋንጎው ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይገለበጣል። የጣሪያው መስመር ከመስታወቱ ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይሰበር እስከ ጭራው ይወርዳል። በ1966 ፋብሪካው ከኋላ ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ ያለውን ዓይነት አወጣ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨመረ፤ ጣሪያውም ከፍ አለ። ስሙ፣ አፍንጫው፣ መብራቱ ያው ነው። ሁለቱን በጎን በኩል አስተያዩና ፍርዱን ለዓይናችሁ ተዉት። እኔ ረጅሙን ሳየው ወገቡ የላላ ይመስለኛል። ስለ መጠን ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፤ አንዲት ስንዝር አንድን ታላቅ ሥራ ታበላሻለች።

ከስር ያለው ወደ ላይ ሲወጣ

መርሴዲስ 300 ኤስኤል በ1954 ኒውዮርክ ላይ ሲታይ ሁሉም ያወራው ስለ በሮቹ ነበር። ወደ ጎን መከፈታቸው ቀርቶ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ይነሳሉ። ብዙ ሰው ለማማር የተሠሩ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ቴላዮው፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው አጽም ነው። ከውድድር መኪና የተወረሰ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደ ቴላዮ ነበር። ጥንካሬ እንዲኖረው በጎን በኩል ቱቦዎቹ ከፍ ብለው ማለፍ ነበረባቸው። ተራ በር እንዲገባ ቦታ አልተረፈም። ስለዚህ በሩ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ።

ኮፈኑ ላይ ያሉት ሁለት እብጠቶችም ታሪክ አላቸው። ሞተሩ ቁመቱ ስለረዘመ ወደ ጎን ጋደም ተደርጎ ተገጠመ፤ ኮፈኑም ዝቅ አለ። እንዲያም ሆኖ አንድ እብጠት አስፈለገ። ሁለተኛዋ የተጨመረችው ለሚዛን ብቻ ነው። ይህቺን ሁለተኛ እብጠት በጣም እወዳታለሁ። መሐንዲሱ አንዷን ጠየቀ፤ ዓይን ሌላዋን ጠየቀ። ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ። በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት እስከ 1957 ድረስ 1,400 ያህል ተሠርቷል።

ቮልስን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ፖርሽን ለመረዳት አይቸገርም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በ1948 በቤተሰቡ ስም የወጣው ፖርሽ 356 ብዙ ዕቃውን የወሰደው ከቮልስ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌለው ከፊት ትልቅ አፍ አያስፈልገውም። በዚህ የተነሳ አፍንጫው ዝቅ ብሎ ድፍን ሆነ፤ ጀርባው ወደ ሞተሩ ተንሸራተተ። በ1963 የታየውን 911 የነደፈው የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ ነው። መስመሩ ዛሬም ከሩቅ ይለያል። ከቮልስ ጋር ያለው ዝምድና የሚያሳፍረው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ያ ዝምድና ነው ያሳመረው።

ላምቦርጊኒ ሚዩራ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1965 ቱሪን ላይ የታየው ገላ የሌለው ባዶ ቴላዮ ነበር። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ አግድም ተቀምጧል። የመኪና ገላ ሠሪው የቤርቶኔ ዲዛይነር ማርቼሎ ጋንዲኒ በ27 ዓመቱ ገላ አለበሰውና በ1966 ጄኔቫ ቀረበ። ቁመቱ 1.05 ሜትር ብቻ ነው። ረጅሙ ኮፈን እዚህ ላይ ቀረ፤ አዲስ ዓይነት ውበት ተጀመረ። የፊት መብራቶቹ ዙሪያ ቅንድብ የመሰሉ ጥቁር ዘንጎች አሉ። ሳስበው እነሱ ባይኖሩም ያምር ነበር።

ንፋስ የቀረጸው

የኢ ታይፕን ገላ የሠራው ማልኮም ሰየር ከአውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ ባለሙያ ነበር። መስመሮቹን የሚያወጣው በሒሳብ ቀመር ነው። ንፋስ ሳይረበሽ እንዲያልፍ የታሰበ መስመር ለዓይንም ሳይረበሽ ያልፋል። ከዚያ በፊት የሠራው የጃጓር የውድድር መኪና ዲ ታይፕ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1955፣ በ1956ና በ1957 ተከታትሎ አሸንፏል።

ቀደም ሲል ፈጣን መኪና ጭራው ረዝሞ መሹለል አለበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጀርመናዊው ቩኒባልድ ካም በ1930ዎቹ ባደረገው ጥናት ጭራው ተቆርጦ ቢቀርም ጥቅሙ ብዙ እንደማይቀንስ አሳየ። ፌራሪ 250 ጂቲኦ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ከኋላ በኩል ቁርጥ ብሎ ያልቃል፤ ጫፉም ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ለአገራችን ሰው ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው ንፋስ ይቀንሳል፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ግን ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው የድሮ መኪና ነዳጅ ይበዛበትና ይታፈናል። ካርቡሬተሩን ለከፍታው ካላስተካከሉት የጣርማ በርን ዳገት በደስታ አይወጣም።

ብርሃን ሌላው ጉዳይ ነው። ጎበጥ ያለ ላሜራ የሚታየው በሚያንጸባርቀው ነገር ነው። የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ አድማሱ በመኪናው ጎን ላይ እንደ መስመር ይዘረጋል። ያ መስመር ከፊት መብራት እስከ ኋላ ሳይንቀጠቀጥ ከሄደ ላሜራው በጥሩ እጅ ተሠርቷል። የእኛ ደጋ ጥርት ያለ ብርሃን ለዚህ የተመቸ ነው። ለመለማመድ በጠዋት የቆመ ማንኛውም መኪና ይበቃል።

ቀለሙ የመጣው ከውድድር ነው። ድሮ መኪኖች በአገር ቀለም ይወዳደሩ ነበር፤ ጣሊያን በቀይ፣ እንግሊዝ በአረንጓዴ፣ ፈረንሳይ በሰማያዊ፣ ጀርመን በነጭ፣ በኋላም በብር።

ሕግ ሲመጣ

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ጥብቅ የደህንነት ሕጎችን አወጣች። የአሜሪካ ገበያ ትልቅ ስለነበር ሁሉም ፋብሪካ መታዘዝ ነበረበት። የኢ ታይፕን የፊት መብራት የሸፈነው መስታወት ተነሳ። ኤምጂቢ የተባለው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና በ1974 የሚያምረው ቀጭን ባምፐሩ ቀርቶ ትልቅ ጥቁር የጎማ ባምፐር ተገጠመለት፤ ከመሬትም ከፍ ተደረገ። ፎቶውን ሳየው አሁንም ያሳዝነኛል። ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የድሮዎቹ ቀጫጭን የጣሪያ ምሰሶዎች መኪናው ሲገለበጥ ሰው አያድኑም። ብዙዎቹ የደህንነት ቀበቶ እንኳ አልነበራቸውም። ጉም በሸፈነው ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ስወርድ የምመርጠው የዛሬውን መኪና ነው።

እጅ

ብዙዎቹ የጣሊያን ገላዎች የተሠሩት በአነስተኛ ወርክሾፖች፣ በመዶሻ ነው። ሞዴና ውስጥ የነበረው ስካሊየቲ የፌራሪን የአሉሚኒየም ላሜራ አሸዋ በሞላበት ከረጢት ላይ እየቀጠቀጠ ያወጣ ነበር። ሚላን ያለው ቱሪንግ ደግሞ በቀጫጭን ቱቦዎች አጽም ላይ ስስ አሉሚኒየም የማልበስ ዘዴ ፈጠረ። በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ የአንዳንዶቹ ግራና ቀኝ ጎን በሜትር ሲለካ እኩል አይመጣም። ዓይን ግን አይከፋውም። ገላው ሕያው የሚመስለው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

የእኛ ባትላሜራ ሠራተኞች ይህን ወዲያው ይረዱታል። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ የሚኒባስ በር ሲቃና ተመልከቱ። ሠራተኛው መዶሻውን ያስቀምጥና መዳፉን ላሜራው ላይ ያንሸራትታል። ዓይን የሳተውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል። የሞዴና ሰዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነበር። ልዩነቱ እነሱ ከባዶ ላሜራ ተነስተው አዲስ ቅርጽ እንዲያወጡ ዕድል ማግኘታቸው ነው።

ዋጋቸው ዛሬ ሰማይ ነክቷል። አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ2018 በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ሁለት ብቻ ከተሠሩት የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኩፔዎች አንዱ በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ይህ ዋጋ ብርቅነትንና የውድድር ታሪክን ነው የሚለካው። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የመረጠው በሌላ መለኪያ ነው። ከሰበሰባቸው መኪኖች መካከል ፒኒን ፋሪና ገላውን የሠራላት ትንሿ ቺሲታሊያ 202፣ ከ70 ሺህ በላይ የተመረተው ኢ ታይፕና የሁላችንም ቮልስ ይገኙበታል።