የኃይል ሥርዓትን በሒሳብ ማቀድ፦ ስለ ዝቅተኛ ካርቦን ሞዴሎችና የዶክትሬት ምርምራቸው

ስለ አንድ አገር የኃይል ሥርዓት ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ግድቡን፣ ምሰሶውንና የቤታችንን ቆጣሪ ነው። መኪና የሚነዳው ናፍጣ፣ በብርድ አገር ቤት የሚያሞቀው ጋዝ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ማገዶ ግን እነሱም ኃይል ናቸው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ በሒሳብ መግለጽና ካርቦን ሳይበዛ፣ ወጪ ሳይንር ፍላጎትን ማሟላት የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ዛሬ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ርዕስ ፒኤችዲ የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከየት መጣ?

የሒሳቡ ሥር ከኃይል ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለ የሶቪየት የሒሳብ ሊቅ አንድ ጥያቄ ቀረበለት። ጥያቄው የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ማሽኖችን ሥራ እንዴት ማከፋፈል ይሻላል የሚል ነበር። መልሱን ሲፈልግ ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለውን፣ ባለ ውስን አቅም ከሁሉ የተሻለውን ምርጫ የሚያሰላ ዘዴ አገኘ። በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ ደግሞ በ1947 ዘዴውን በተግባር ማስላት የሚቻልበትን ሲምፕሌክስ የተባለ ስልት አወጣ። እስከ ዛሬ ብዙ የኃይል ሞዴሎች የቆሙት በዚሁ ሒሳብ ላይ ነው።

ሒሳቡ ወደ ኃይል የመጣው በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ምክንያት ነው። ነዳጅ ሲወደድ ሀብታሞቹ አገሮች ደነገጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የሚገኘው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራና የጀርመኑ የዩሊሽ የምርምር ማዕከል በዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ጥላ ሥር ማርካል የተባለውን ሞዴል ሠሩ። ተተኪው ታይምስ አሁንም በብዙ አገሮች ለፖሊሲ ያገለግላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሊፕ የተባለው በመላው ዓለም የሚታወቅ የኃይል ዕቅድ ሶፍትዌር የተጀመረው በ1980 ለኬንያ የማገዶ እንጨት ጥናት ነበር። ይህን ማስታወስ ይገባል። ዘርፉ ገና ከጅምሩ የምሥራቅ አፍሪካን ማድ ቤት ያውቅ ነበር ማለት ነው። በኋላ ትኩረቱ በአመዛኙ ወደ ኤሌክትሪክ ብቻ መዞሩ በእኔ እይታ ጉዳት አድርሷል።

ሞዴሉ ውስጥ ምን አለ?

ሞዴል ስንል ረጅም የእኩልታዎች ስብስብ ማለታችን ነው። ኮምፒውተሩ እንዲወስን የሚተዉለት ነገሮች አሉ፦ የነፋስ ማመንጫ የት ይተከል? ስንት ሜጋ ዋት? ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከግድቡ ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ? የማይታለፉ ሕጎችም አሉ። በየሰዓቱ የሚመነጨውና የሚፈለገው እኩል መሆን አለበት። መስመሩ ከአቅሙ በላይ አይሸከምም። ግድብ ውስጥ የሌለ ውሃ አይለቀቅም። የካርቦን ልቀቱ ከተቀመጠለት ጣሪያ አያልፍም። ከዚያ ሶልቨር የሚባለው ፕሮግራም እነዚህን ሕጎች ሳይጥስ ጠቅላላ ወጪው የሚያንስበትን ዕቅድ ይፈልጋል።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። አንድ ዓመት ግን 8,760 ሰዓት አለው። ይህን በክልሎች፣ በማመንጫ ዓይነቶችና በማስተላለፊያ መስመሮች ሲያባዙት ያልታወቁት ቁጥሮች በሚሊዮን ይሆናሉ። ሰርቨሩ ቀናት ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም ሜሞሪው ሞልቶ ይቆማል። ስለዚህ የፒኤችዲ ተማሪው ትልቁ የራስ ምታት ምን ይቀነስ የሚለው ነው። ዓመቱን በጥቂት ናሙና ቀናት መወከል የተለመደ መፍትሔ ነው። አደጋም አለው። ፀሐይም ነፋስም የጠፋበት ሳምንት ከናሙናው ከወጣ፣ ሞዴሉ መጠባበቂያ የማያስፈልገው ርካሽ ሥርዓት ይሠራል። ያ ሥርዓት በእውነተኛው ዓለም ሰውን ጨለማ ውስጥ ይጥላል። ሌላው መንገድ ትልቁን ጥያቄ ሰባብሮ በተራ መፍታት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የቤንደርስ ዘዴ ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም በእሱ ላይ አዳዲስ የዶክትሬት ጽሑፎች ይወጣሉ።

ለምን ይቀናጃል?

ኤሌክትሪክን፣ ሙቀትን፣ ጋዝንና ትራንስፖርትን አንድ ላይ የማየት ሐሳብ በ2000ዎቹ ዙሪክ በሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ በደንብ ተቀረጸ። የኢነርጂ ሐብ የተባለው ጽንሰ ሐሳብ በ2007 የዶክትሬት መመረቂያ ሆኖ ወጣ። ሐብ ማለት ብዙ ዓይነት ኃይል ገብቶ፣ ተቀይሮ ወይም ተከማችቶ በሌላ መልክ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ ሰፈር ወይም ሙሉ ከተማም ሊሆን ይችላል።

ጥቅሙ በዴንማርክ ጥሩ አድርጎ ይታያል። እዚያ ከኤሌክትሪኩ ግማሽ ያህሉ ከነፋስ ይመጣል። ከሦስት ቤቶች ሁለቱ ገደማ ደግሞ የሚሞቁት ከማዕከል በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ኤሌክትሪኩ ይተርፋል። በትርፉ ኤሌክትሪክ ውሃ አሙቆ በትልልቅ ታንከር ማስቀመጥ በባትሪ ከማከማቸት እጅግ ይረክሳል። ሂት ፓምፕ (ከአየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ) ደግሞ ከአንድ አሃድ ኤሌክትሪክ ወደ ሦስት አሃድ የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ኤሌክትሪኩን ብቻ የሚያይ ሞዴል ይህን ሁሉ አያየውም፤ ውድ ባትሪ ግዙ ይላል። የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ኢነርጂፕላን የተባለውን ሞዴል ከ1999 ጀምሮ ሲያሳድግ የኖረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ማቀናጀት ሲባል ሁሉንም ከሁሉ ማገናኘት ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክን ወደ ሃይድሮጅን ቀይሮ፣ ያንን መልሶ ኤሌክትሪክ ማድረግ ከግማሽ በላይ ኃይል ያባክናል። ሃይድሮጅን ለማዳበሪያና ለብረት ማቅለጫ ሲሆን ግን ሌላ ወሬ ነው። የትኛው ግንኙነት እንደሚያዋጣ የሚለየው ስሌቱ ነው።

የሕዳሴው ግድብና ነፋሱ

በእኛ አካባቢ የዚህ ዘርፍ ምርጥ ምሳሌ በ2021 ኔቸር ኢነርጂ በተባለው ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት ነው። ጥናቱን የመሩት የብራስልሱ ቭሪዬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሞዴላቸውን ከዚያ በፊት በምዕራብ አፍሪካ ላይ ሞክረውት ነበር።

ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉ የፀሐይና የነፋስ ማመንጫዎች ጋር ተናቦ ቢሠራስ? በአካባቢው ፀሐይና ነፋስ የሚበረቱት በበጋ ነው፤ በክረምት ይደክማሉ። እንግዲያው ግድቡ በበጋ ቀንሶ፣ በክረምት ጨምሮ ቢያመነጭ ሁለቱ ይሞላላሉ። በዚህ አሠራር ወደ ሱዳንና ግብፅ የሚሄደው ውሃ ከወቅት ወቅት ያለው መዋዠቅ ወደ ወንዙ የተፈጥሮ ፍሰት ይቀርባል። ማለትም ውሃንና ኤሌክትሪክን በአንድ ሞዴል ማየት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ያልነበረ አማራጭ አወጣ። አገሮቹ ይቀበሉት አይቀበሉት የፖለቲካ ጉዳይ ነው። አማራጩ መኖሩን ማሳየት ግን የምርምር ሥራ ነው፤ እነሱም አሳይተዋል።

ግድቡ በመስከረም 2025 ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከነፋስ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት አላቸው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2019 የጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መሆኑን አብዛኞቻችን አንረሳውም። ከውሃ ሌላ የሚደገፍበት ነገር የማስፈለጉ ጉዳይ ያኔ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል።

ምጣዱ የት ገባ?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ታዳሽ ነው። ኤሌክትሪኩን ብቻ የሚያይ ሞዴል "እዚህ የሚቀነስ ካርቦን የለም" ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል እጅግ የሚበዛው ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ነው። ደኑ የሚመነጠረው፣ እናቶች በጭስ የሚታመሙት እዚያ ነው። የ2011ዱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ የሚሠራ የተቀናጀ ሞዴል ምጣድን መያዝ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። አንድ ሰፈር በአንድ ሰዓት ቢጋግር ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅም እየመጣ ነው። ምጣዱና መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ከተገናኙ ችግሩ ማመንጫው ጋ አይሆንም፤ የሰፈሩ መስመር ላይ ይሆናል። መጋገሪያ ሰዓትን በታሪፍ ማሸጋገር ይቻል ይሆን? ወይስ መስመሩን ማጠናከር ይረክሳል? ይህ ለአንድ ዶክትሬት የሚበቃ፣ ምናልባትም የሚተርፍ ጥያቄ ነው።

መመረቂያው እንዴት ይሠራል?

ምርምሩ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል። በአውሮፓ የተለመደው በጆርናል የወጡ ጥቂት ጽሑፎችን አስሮ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በንባብና በዳታ ፍለጋ ያልቃል። ከአማካሪው ጋር የሚደረገው ክርክር የሚጠነክረው ውጤት መውጣት ሲጀምር ነው፤ ቁጥሩ ከመረጃው የመጣ ነው ወይስ ተማሪው ካስገባው ግምት?

ጥሩ ፈታኞች የሚያጠብቁት እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ የመጪውን ዓመት ዝናብና የነዳጅ ዋጋ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሆኖ ከተሰላ ውጤቱ ከልክ በላይ ያማረ ይሆናል። ደግሞም ከሁሉ ርካሹ ዕቅድ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ወጪው በጥቂት በመቶ ብቻ የሚበልጥ፣ መልኩ ግን ፈጽሞ የተለየ ሌላ ዕቅድ አጠገቡ ይኖራል። አንዱ ብዙ መስመር ይዘረጋል፤ ሌላው ብዙ ፀሐይ ይተክላል። ሁለቱንም ለውሳኔ ሰጪው ማሳየት አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ከመቅረብ የበለጠ ታማኝነት ነው።

መሣሪያው አሁን በነጻ ይገኛል። በ2011 ይፋ የሆነው ኦሲሞሲስ የተባለው ሞዴል በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ፓይፕሳ የተባለው ሌላ ሞዴል ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ኮዱን ማንም ማውረድ ይችላል። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ሃይግስ ሶልቨር ያለ ክፍያ ይሰጣል። የአየር ጠባይ ዳታም ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ ተመዝግቦ ኢንተርኔት ላይ አለ። አስቸጋሪው የየሰብስቴሽኑን የሰዓት ፍጆታ ማግኘት ነው፤ ለዚህ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞር ይጠይቃል። ማን በስንት ሰዓት፣ በምን ማገዶ እንደሚጋግር ለማወቅ ደግሞ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው።