ታይፕ ናሙና ምንድን ነው? የጦስኝ፣ የአንኮበሯ ወፍ እና የስማቸው ምስክር

አክስቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የሚኖሩት። ጦስኝ የሌለበት ሻይ አይጠጡም። አንድ ጊዜ ከሰሜን ወሎ ስመለስ አንድ እስር ጦስኝ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ልጄ፣ ይኼ ጦስኝ ነው፤ የኛው ጦስኝ ግን አይደለም» አሉኝ።

ከቦርሳዬ ማጉያ መነጽር አላጣም። የእሳቸውን ጦስኝ ካመጣሁት አጠገብ አድርጌ ቅጠሎቹን አየሁ። የእሳቸው ቅጠል ዳሩ ልሙጥ ነው። እኔ ያመጣሁት ቅጠል ግን ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው። የመጀመሪያው በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ነው፣ ሁለተኛው ታይመስ ሰሩላተስ። «ሰሩላተስ» ማለት ራሱ በላቲን «ጥቃቅን ጥርስ ያለው» ማለት ነው። በአማርኛ ሁለቱም ጦስኝ ናቸው። ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የአንዱ ዝርያ ሽታ እንኳ እንደበቀለበት ቦታ ይለያያል። ቢሆንም የአክስቴ አፍንጫ የኔን መነጽር ቀድሞት ነበር።

እሺ፣ ልሙጡ ሺምፔሪ፣ ባለጥርሱ ሰሩላተስ ይሁን። ግን ይህን ማን አለ? መጽሐፍ ላይ ተጽፏል እንበል። የመጽሐፉ ጸሐፊስ ከምን አይቶ ጻፈ? ክሩን እየሳባችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ወፍራም ወረቀት ላይ የተለጠፈ፣ የደረቀ አንድ ቅርንጫፍ። ለእንስሳ ከሆነ ቆዳ፣ ራስ ቅል፣ ወይም አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ገላ። ታይፕ ናሙና የሚባለው ይህ ነው። አንድ ሳይንሳዊ ስም መጀመሪያ ሲወጣ የተመሠረተበት፣ ስሙ እስካለ ድረስ ከስሙ ጋር የታሰረ ናሙና ማለት ነው።

እኔ ለሰው ሳስረዳ ምስክር እለዋለሁ። ሁለት ሰዎች በመሬት ሲካሰሱ ዳኛው «ምስክር ቁጠር» ይላል። በዝርያ ስም ሲካሰሱም እንዲሁ ነው። አንዱ ተመራማሪ «ይህ ያው ዝርያ ነው» ይላል፣ ሌላው «አይደለም፣ አዲስ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ሁለቱም ወደ ታይፑ ይሄዳሉ። ገለጻ ሊሳሳት ይችላል። ሥዕል የሠዓሊው ዓይን ያየውን ብቻ ያሳያል። ፎቶ የቅጠሉን ጀርባ ገልጦ አያሳይም። ናሙናው ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ማጉያ ስር ይገባል፣ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ ዘረ መሉ ሳይቀር ይመረመራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይያዝልኝ። ታይፕ ማለት የዝርያው «ምርጥ» ወይም «አማካይ» ማለት አይደለም። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ቀጫጫ ሊሆን ይችላል፣ ወፏም ገና ያልጎረመሰች ልትሆን ትችላለች። ምስክር መልኩ አይታይም፣ ቃሉ ነው የሚታየው።

የሁለት ቃል ስም አሰጣጥ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው የሆነበት፣ የተጀመረው በስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፤ ለዕፅዋት ከ1753፣ ለእንስሳት ከ1758 ይቆጠራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሊኒየስ ራሱ ታይፕ ብሎ የለየው ናሙና አልነበረም። ሕጉ የመጣው ኋላ፣ ስሞች ተደበላልቀው ሰው ከተቸገረ በኋላ ነው። ለዕፅዋት ከ1958 መጀመሪያ ወዲህ ታይፑ ያልተጠቀሰለት አዲስ የዝርያ ስም ተቀባይነት የለውም። ለእንስሳትም ከ2000 ጀምሮ በግልጽ መጠቀስ ግዴታ ሆኗል። ስም አውጪው የመረጠው ያ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል።

አሁን ወደ አንኮበር እንሂድ። አንኮበር ገደል ጫፍ ላይ ብትቆሙ ከእግራችሁ ሥር መሬቱ እየተቆረጠ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እዚያ ጫፍ ላይ በመንጋ እየሆነች መሬት ለመሬት ፍሬ የምትለቅም ትንሽ ወፍ አለች። ቡናማ ነች፣ ዥንጉርጉር ነች፣ ለዓይን አትጮህም። ሰው ለዘመናት አጠገቧ ሲያልፍ ኖሯል። ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በ1976 አገኛትና በ1979 ሰሪነስ አንኮበረንሲስ ብሎ ለዓለም አስተዋወቃት። የአንኮበሯ ማለቱ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? የዘረ መል ጥናት መጣ። በጥናቱም ሰሪነስ ሲባሉ ከኖሩት የአፍሪካ ትንንሽ ወፎች (ሰሪኖች) አብዛኞቹ ከአውሮፓው ሰሪን ጋር የቅርብ ዘመድ እንዳልሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ወገን ተዛወሩ። የኛዋም ዛሬ ክሪታግራ አንኮበረንሲስ ትባላለች። የወገን ስሟ ተቀየረ፤ «አንኮበረንሲስ» ግን ንቅንቅ አላለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የቤተሰቡ ዛፍ እንደገና ቢሳል፣ ወፏ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ብትዛወር፣ ታይፑ የያዘው ስም አብሯት ይሄዳል። በኋላ ከአንኮበር ርቃ ስሜን ተራሮች ላይም ታይታለች። ያኔም ስሟ አልተነካም። ስሙ ናሙናው የተገኘበትን ቦታ ነው የሚናገረው፣ የምትኖርበትን ቦታ ሁሉ አይደለም።

ተቃራኒው ደግሞ ጓሳ ላይ አለ። የመንዝ ጓሳን ጠዋት በእግሩ የሄደበት ሰው ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ ሊያይ ይችላል። ሳይንሳዊ ስሟ ካኒስ ሲመንሲስ ነው፤ የስሜኗ ማለት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ናሙናውን የወሰደው ከስሜን ነበር፣ ያስቀመጠውም ፍራንክፈርት በሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም ነው። ስለዚህ የመንዟ ቀበሮ የስሟ ምስክር ከስሜን የሄደ፣ ጀርመን አገር መሳቢያ ውስጥ የተኛ ነው። ጭላዳንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይኸው ሰው ነው፣ በ1835። እዚያ ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አደረገ። የኛኑ ቃል ወሰደ። እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ሲባል «ጭላዳ» እየተባለ ነው። ጤፍም እንዲሁ ከ1775 ጀምሮ በስሟ «ጤፍ» ተብላ ተመዝግባለች።

ሸዋ ደግሞ የናሙና ሰብሳቢ መንገድ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ቤተ መንግሥት ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ነው። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ የምታገኙት ጢፌ በሳይንስ ኦሊኒያ ሮሼቲያና የሚባለው በእሱ ስም ነው። በ1841 የመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ውስጥም ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። የእንሶስላ ዘመድ የሆነች አንዲት ባለ ቀይ አበባ ተክል ኢምፓሺየንስ ሮቲ ተብላ በስሙ ትጠራለች። የአክስቴ ጦስኝ «ሺምፔሪ»ም የሰው ስም ነው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ ያረፈ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነው።

የሺምፐር ታሪክ ታይፕ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ከሰበሰባቸው ብዙዎቹ በርሊን ሄርባሪየም ነበሩ። ሄርባሪየም ማለት የደረቁ ዕፅዋት ግምጃ ቤት ነው። መጋቢት 1943 በጦርነቱ ቦምብ ያ ሄርባሪየም ተቃጠለ። ምስክሩ ሞተ። ግን ሺምፐር አንድ ተክል ሲቆርጥ ከዚያው ደጋግሞ ቆርጦ ለተለያዩ ከተሞች ይልክ ነበር። እነዚህ ቅጂ ናሙናዎች አይሶታይፕ ይባላሉ። ዋናው ሲጠፋ ከእነሱ አንዱ ተመርጦ በቦታው ይቆማል። ምንም ካልተረፈ ደግሞ አዲስ ናሙና ይሰየማል፤ እሱ ኒዮታይፕ ነው። ዛሬም ጥሩ ሰብሳቢ ከአንድ ተክል ሁለት ሦስት የሚቆርጠው ለዚህ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነገር አንድ ቀን እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ።

ናሙናው ራሱ እንዴት ይሠራል? ተክሉ ከነአበባው፣ ቢቻል ከነፍሬውና ከነሥሩ ይቆረጣል። ጋዜጣ መሐል ይዘረጋል። አንድ ሁለት ቅጠል ይገለበጣል፣ ጀርባውም እንዲታይ። ከዚያ በሁለት የእንጨት ርብራብ መሐል ተደርጎ በጠፍር ጥብቅ ይደረጋል። ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየራል። ይህችን ቀላል ነገር ንቄ ተቀጥቻለሁ። ነሐሴ ላይ፣ አንኮበር ጉም ውስጥ ሆኜ፣ ሦስት ቀን ሳልቀይር ቀረሁ። ስከፍተው አበባው ሁሉ ሻጋታ ለብሶ ነበር። ከወራት በኋላ ያችን ተክል ፍለጋ ተመልሼ ስሄድ አበባዋ ረግፎ አልቆ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከናሙናው እኩል መለያ ወረቀቱ ነው። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የበቀለበት አፈርና አካባቢ፣ የአበባው ቀለም፣ የአካባቢው ስም፣ የሰብሳቢው ስምና ተራ ቁጥር። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ እዚያው ቆሞ መጻፍ ነው። «ደብረ ብርሃን አካባቢ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ገደልም ሜዳም አለ።

አንዳንዱ ነገር ለወረቀት አይመችም። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ከቅጠሉ ቁራጭ፣ ከአበባው ዘንግ ቁራጭ ተወስዶ ቁመቱ ተለክቶ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል። እንጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መልኩም ሽታውም ይጠፋል። ስለዚህ ቆቡ ተቆርጦ ነጭ ወረቀት ላይ በደረቱ ይደፋና ብርጭቆ ተከድኖበት ያድራል። ጠዋት ሲያነሱት የረገፈው ስፖር፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚራባበት ዱቄት መሰል ብናኝ፣ ወረቀቱ ላይ ክብ ሥዕል ሠርቶ ይገኛል። ቀለሙ ነጭ ነው? ሮዝ ነው? የዛገ ብረት ይመስላል? ዝርያውን ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ነው። ፈንገስ ዕፅዋት አይደለም፣ እንዲያውም በዝምድና ለእንስሳት ይቀርባል። ስም አሰጣጡ ግን እስከ ዛሬ ከዕፅዋት ጋር በአንድ ሕግ ነው የሚመራው። ሕጉ በስሙ ፈንገስን ለይቶ የጠራው ገና በ2011 ነው። እኛ ዘንድ «የጅብ ጥላ» ብለን ረግጠነው የምናልፈው ውስጥ ስንት ዝርያ እንዳለ ሳስብ ልቤ ይነሳል።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ለስም ተብሎ ወፍ ይገደላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ቁጥሩ በጣም ያነሰ እንስሳ ላይ ዛሬ ብዙ ተመራማሪ አይጨክንም። ሙሉ አካል ያልሆነ ታይፕም አለ። ነጭ ሳር ሜዳ ላይ በ1990 መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ ተገኘ። ከማንም ጋር አልገጥም አለ። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተሰየመ። ካፕሪመልገስ ሶላላ፤ «ሶላላ» ማለት ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። የቀሩት የወፏ ክፍሎች የሉም፣ ስሙ ግን በዚያች ክንፍ ቆሟል።

አገር ቤትስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1959 ጀምሮ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን። ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የተሰነደው በዋናነት በዚያ ቤት ሥራ ነው። ወደ 6,000 ገደማ ዝርያ ነው። የአንኮበር ገደል ላይ ወደ ታች ተንጠልጥላ የምትበቅለውን እሬት በ1997 አሎ አንኮበረንሲስ ብለው ከሰየሟት ሁለት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ከሮሼ ዴሪኩር እስከ እዚህ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወስዷል። እኔ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። የአሮጌዎቹ ምስክሮች ቤት ሩቅ ነው። አንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ የቀዬውን ተክል ከታይፑ ጋር ላመሳክር ቢል ፓሪስ ወይም ለንደን ነው የሚላከው። ዛሬ ብዙዎቹ ፎቶ ተነስተው በኢንተርኔት መታየታቸው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ቅጠሉን መገልበጥ የሚችለው እዚያ ያለው ሰው ብቻ ነው።

የአክስቴን ጦስኝ በመጨረሻ ጋዜጣ ውስጥ አስገባሁት። ታይፕ አይሆንም፤ ስሙ ድሮ ወጥቷል። ተራ ናሙና ነው። መለያውን ስጽፍ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «የአካባቢ ስም» በሚለው መስመር ላይ ጦስኝ አልኩ። «ማስታወሻ» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። «ሽታው ከወሎው እንደሚለይ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ።