ምርጊትን ከእጅና ከመሣሪያ ማጽዳት

በዎርክሾፖቻችን «ሲሊኮን» የሚለው ስም ከቱቦ ተገፍቶ ክፍተት የሚደፍነውን ሁሉ ይጠቀልላል። የመስኮት መስታወት የሚገጥመውም፣ የሞተር ክዳን የሚያሽገውም፣ የመታጠቢያ ገንዳ ዙሪያ የሚመርገውም «ሲሊኮን አቀብለኝ» ይላል። ለሥራው ይህ ይበቃል። ለጽዳቱ ግን አይበቃም፤ በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል አክሪሊክ ሳይደርቅ በውሃ ይለቃል፣ ትክክለኛው ሲሊኮን ውሃን ከቁም ነገር አይቆጥርም፣ ፖሊዩሬታን ደግሞ ጭራሽ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል። ስለዚህ እጅ ከመታጠቡ በፊት የቱቦው ጽሑፍ መነበብ አለበት።

ከቱቦው በፊት ምርጊት እበት፣ ጭቃና ሊጥ ነበር። ጠላ የተጠነሰሰበትን ጋን አፍ የመረገ እጅ በውሃ ይጸዳል። በኋላ የመጣው የመስታወት ስቱኮ በኖራ ድንጋይ ዱቄትና በተልባ ዘይት የሚለወስ ሲሆን፣ ጣጣው ከእጅ ይልቅ በጨርቅ ላይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ስለ ሲሊኮን የሚታወቀው ብዙ ነው። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬደሪክ ኪፒንግ በኖቲንግሃም ለአሥርት ዓመታት ሲመራመር ሙጫ መሰል፣ የማይወደድ ዝቃጭ በተደጋጋሚ ይገጥመው ነበር። በ1930ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ዘርፉ በቅርቡ ትልቅ እመርታ ያሳያል የሚል ተስፋ እንደሌለው ተናግሯል። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1940፣ አሜሪካዊው ዩጂን ሮቾ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ሲሊኮንን በብዛት ለማምረት መንገድ የከፈተውን ዘዴ አገኘ። በ1943 የተቋቋመው ዶው ኮርኒንግ መጀመሪያ ካቀረባቸው ምርቶች አንዱ የጦር አውሮፕላን ሞተር ማቀጣጠያን ከእርጥበት የሚከላከል ቅባት ነበር። ኪፒንግ ዋጋ ያልሰጠው የሚጣበቅ ነገር እንዲህ ሆኖ ሸቀጥ ሆነ፤ መጣበቁን ግን አልተወም።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ሽታው ከዚያ የመጣ ነው። ይኸው አሲድ መዳብና ናስን ስለሚበላ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ላይ አይቀባም። ከቱቦው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ይይዛል፤ ወደ ውስጥ ግን በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚደርቀው። የጽዳቱ ሁሉ ምሥጢር ከስልባቦቱ በፊትና በኋላ ባለው ልዩነት ላይ ነው። ከስልባቦቱ በፊት በደረቅ ወረቀት ወይም በተጨማደደ ፌስታል መጥረግ፣ የቀረውን ስስ ቅሪት በአልኮል ወይም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በረጠበ ጨርቅ ማንሳት ነው። ውሃና ሳሙና የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ጀማሪ ሁሉ ግን መጀመሪያ ወደ ቧንቧ ይሮጣል፤ ከዚያ ሲሊኮኑ ከጣቶቹ ወደ ቧንቧው እጀታ፣ ከእጀታው ወደ ፎጣው ይዛመታል። ከደረቀ በኋላ በተለመዱት ማሟሟቻዎች ሊያብጥ ይችላል እንጂ አይሟሟም፤ የሚላቀቀው በስለት ወይም በመላጥ ነው።

ፖሊዩሬታን በ1937 በጀርመን፣ ሌቨርኩዘን፣ በኦቶ ባየር የሚመራ ቡድን ያገኘው ነው። ከቆርቆሮ የሚነፋው ፎም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እርጥቡን ከመሣሪያ ላይ አሴቶን የተባለው ማሟሟቻ ያነሳዋል። እጅ ላይ ከደረቀ ምንም አይፈታውም፤ በዘይት እያለሰለሱ፣ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብለው እያሹ፣ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ ጥቂት ቀናት መታገሥ ነው። ፎም የሚነፋ ሰው ጓንት ማድረግ ያለበት በዚህ ብቻ አይደለም፤ ያልደረቀው ውህድ ቆዳንና መተንፈሻን ሊያስቆጣ፣ አስምም ሊቀሰቅስ ይችላል።

በጋራዥ ያደጉ ባለሙያዎች እጃቸውን ለማጽዳት ሦስት ልማድ አላቸው። የመጀመሪያው ቤንዚን ነው። ለአንድ ጊዜ አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ቤንዚን የቆዳን ቅባት አጥቦ ይሰነጥቃል፣ ለካንሰር የሚያጋልጠውን ቤንዞልን ይይዛል፣ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ብየዳ ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው የልብስ ዱቄት ሳሙና ሲሆን ያጸዳል፣ ነገር ግን ለቆዳ የበረታ ነው። ሦስተኛው ደቃቅ ሰጋቱራ በምግብ ዘይት ለውሶ ማሸት ነው። ስኳር በዘይትም እንደዚያው ይሠራል ይባላል። ሰጋቱራው ግን ያለ ጥርጥር ይሠራል፤ ዘይቱ ያልደረቀውን ያላቅቃል፣ ሰጋቱራው ጠጥቶ ያነሳል፣ ቆዳም አይጎዳም። በውድ ዋጋ የሚሸጠው የመካኒክ የእጅ ሳሙናም በመሠረቱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅባት የሚያላቅቅ ነገርና የሚፈገፍግ ቅንጣት።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ከማሟሟቻ ይበልጣል። በፕላስቲክ ማለስለሻ ላይ የቀረ ሲሊኮን ሌሊቱን ካደረ ጠዋት እንደ ጎማ ይላጣል። የቱቦው አፍም መታጠብ አያስፈልገውም፤ ረዘም ያለ ቡሎን ወይም ሚስማር ሰክተውበት ቢያስቀምጡ በሚቀጥለው ጊዜ የደረቀው ውታፍ ከነሚስማሩ ተስቦ ይወጣል።

ሲሊኮን የነካ ጨርቅ ከቀለም ክፍል ይራቅ። የማይታየው ስስ ቅሪቱ ወደ መኪና አካል ከተላለፈ ቀለሙ ይሸሻል፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ይቀራል፣ ሥራውም በብርጭቆ ወረቀት ተገፎ እንደገና ይጀመራል። የተልባ ዘይት የነካው የስቱኮ ጨርቅ ደግሞ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከሥራ መውጫ ላይ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውሃ ባለው ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይነከራል።