ከመመሪያ ዋጋ በላይ፦ ለብርቅዬ ሳንቲሞች የሚከፈለው ጭማሪ

ለአንድ ብርቅዬ ሳንቲም በዋጋ መመሪያ ላይ ከሰፈረው በላይ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ መክፈል በአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ገንዘብ ማባከን ቢመስልም ምክንያት አለው። መመሪያው የሚተምነው የአንድን ዓይነት፣ ዓመትና የይዞታ ደረጃ አማካይ ሳንቲም ሲሆን፣ ገዢው የሚከፍለው ግን እጁ ላይ ላለው ለዚያ ለአንዱ ሳንቲም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሰብሳቢዎች በሽፋኑ ቀለም «ቀይ መጽሐፍ» የሚሉት መመሪያ በአር. ኤስ. ዮማን አዘጋጅነት፣ በዊስኮንሲን ግዛት በሬሲን ከተማ በነበረው ዊትማን አሳታሚ በ1946 ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የታተመው ዓመት ግን 1947 ነው። የሚያሳየውም ነጋዴ ለሰብሳቢ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1942 የወጣው «ሰማያዊ መጽሐፍ» ደግሞ ነጋዴ ከሰብሳቢ የሚገዛበትን ዋጋ ያመለክታል። ከ1963 ጀምሮ «ግራጫ ወረቀት» የሚባለው፣ ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበትን ዋጋ የሚያሳይ ጋዜጣ ተጨመረ። ስለዚህ «ከመመሪያ በላይ ከፈልሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ የትኛውን መመሪያ ማለቱ እንደሆነ መናገር ይኖርበታል፤ በግራጫው ወረቀት ሲለካ ውድ የሆነ ግዢ በቀዩ መጽሐፍ ሲለካ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓመት አንዴ የሚታተም መጽሐፍ ዋጋ በሚያሻቅብበት ወቅት ከገበያው ወደ ኋላ መቅረቱም የማይቀር ነውና፣ ጭማሪ የሚባለው ነገር አንዳንዴ የመጽሐፉ መዘግየት ብቻ ነው።

የልማዱ ዋነኛ ምንጭ የደረጃ አሰጣጡ ነው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዊልያም ሼልደን በ1949 ሲያቀርብ፣ ዓላማው የጥንቶቹን የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ዋጋ ማስላት ነበር፤ የሳንቲሙ መነሻ ዋጋ በደረጃው ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ውጤት የገበያ ዋጋው ይሆናል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ብዙም ሳይቆይ ከገበያው ጋር አልሄድ ቢልም ቁጥሮቹ ቀሩ። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 የተባሉት የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ሥራ ሲጀምሩ፣ ገለልተኛ መርማሪዎች ደረጃ የሰጡት ሳንቲም በፕላስቲክ ማቀፊያ ታሽጎ መሸጥ ተለመደ። ይሁን እንጂ በአንድ ቁጥር ሥር የታሸጉ ሁለት ሳንቲሞች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ለጥቂት ወደ ላይኛው ደረጃ ሳያልፍ የቀረ፣ ሌላው ደግሞ በመርማሪው ቸርነት ቁጥሩን ያገኘ ሊሆን ይችላል። በ2007 የተቋቋመው ሲኤሲ የተባለ ድርጅት የታሸጉትን ሳንቲሞች ዳግም እየመረመረ ለደረጃቸው ብቁ ለሆኑት አረንጓዴ፣ ከተሰጣቸው ከፍ ያለ ደረጃ ለሚገባቸው ደግሞ ወርቃማ ምልክት ይለጥፋል። መሥራቹ ጆን አልባኒዝ ቀድሞ በፒሲጂኤስ ምሥረታ የተሳተፈና ኤንጂሲን ያቋቋመ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ለአንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ የምርመራ ክፍያ መጠየቅ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ሆኖም ምልክት ያለበት ሳንቲም ከሌለበት አቻው በልጦ መሸጡ፣ የሠለጠነ ዓይን ያላቸው ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት በዝምታ ይከፍሉት የነበረውን ልዩነት ለሁሉም ግልጽ ያደረገ ጥሩ ሥራ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከሞርጋን የብር ዶላር የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ሞርጋን ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ተመረተ። በ1918 በወጣው የፒትማን ሕግ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮች ስለቀለጡ፣ ስንት እንደተመረተ የሚገልጸው ቁጥር ስንት እንደተረፈ አይናገርም። በሳን ፍራንሲስኮ በ1881 የተመረቱት 12,760,000 ዶላሮች በጥሩ ይዞታ በብዛት ተርፈዋልና መመሪያው በመጠነኛ ዋጋ ይመዘግባቸዋል። ነገር ግን ከእነዚሁ መካከል አንዳንዶቹ በሸራ ከረጢት ውስጥ አሥርተ ዓመታት ሲቀመጡ፣ ሸራውን የነካው ብር ከድኝ ጋር ተዋህዶ የቀስተ ደመና ኅብር ይዟል፤ ለእንዲህ ያለው ሳንቲም የመመሪያው ብዙ እጥፍ ይከፈላል። ቀለሙን በኬሚካል አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ ግን፣ በዚህ ዘርፍ ጭማሪ መክፈል ያለበት ዓይኑን ያለማመደ ሰው ነው። በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ በ1893 የተመረቱት 100,000 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ይዞታው እጅግ የላቀው በ2021 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

የተቃራኒው ታሪክ የ1903ቱ የኒው ኦርሊንስ ዶላር ነው። በ1962 ቀዩ መጽሐፍ ለግብይት ከእጅ እጅ ያልተዘዋወረውን ይህን ሳንቲም በ1,500 ዶላር ያስቀምጠው ነበር፤ በጊዜው ከሞርጋን ዶላሮች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነበርና። በዚያው ዓመት ማብቂያ ግን በፊላዴልፊያው የመሐለቅ ማምረቻ ታሽጎ የኖረ ክምችት ተከፈተና ሳንቲሙ በከረጢት በከረጢት ወጣ፤ ዋጋውም ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ወረደ። ከመመሪያው በላይ ጨምሮ የገዛው ቀርቶ በመመሪያው ዋጋ የገዛውም አልተረፈም።

ጭማሪ ከፍሎ መክሰር በአንድ ሳንቲም ብቻ የሚወሰን አይደለም፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ የዎል ስትሪት ባለሀብቶች ገንዘብ ወደ ሳንቲም ገበያ ገብቶ ዋጋውን ካናረ በኋላ ገበያው ወድቋል።

በጨረታ ጊዜ ጭማሪው ሌላ መልክ ይይዛል። መዶሻው ካረፈበት ዋጋ በተጨማሪ ጨረታ ቤቱ ከገዢው 20 በመቶ ገደማ ስለሚያስከፍል፣ ጀማሪ ተጫራች ይህን ሳያሰላ ከመመሪያው በላይ ከፍሎ ይገኛል። ለአንዳንድ ሳንቲሞች ደግሞ መመሪያ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። በ1933 ከተመረቱት 445,500 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች፣ ሕዝቡ ወርቁን እንዲያስረክብ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በማዘዛቸው ጥቂቶቹ ብቻ ሳይቀልጡ ቀሩ፤ በግለሰብ እጅ እንዲያዝ መንግሥት የፈቀደውም አንዱን ብቻ ነው። በ2002 በኒው ዮርክ የተሸጠበት 7,590,020 ዶላር ውስጥ የመጨረሻዋ 20 ዶላር ሳንቲሙ ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን ለመንግሥት የተከፈለች ናት። በ2021 ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ 18.9 ሚሊዮን ገደማ አወጣ። ሁለት ቆራጥ ተጫራቾች ካልተገናኙ ግን እንዲህ አይሆንም፦ ለመስከት (በዛሬዋ ኦማን) ሱልጣን ስጦታ ተብሎ የተዘጋጀው፣ 1804 የሚል ዓመት ይዞ በ1830ዎቹ የተመረተው ዶላር በ2016 የጨረታ ቤቱን ክፍያ ጨምሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቢሰጠውም ባለቤቱ ሳይሸጠው ቀረ፤ በ2021 የተሸጠው በ7.68 ሚሊዮን ነው።

የአገራችን ሳንቲሞች በዓለም አቀፍ ካታሎጎች ቢመዘገቡም በቂ ክትትል አላገኙም። በፓሪስ የተመረተውና በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1887 የሚል ዓመት በግእዝ አኃዝ የያዘው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ለዚህ ማሳያ ነው። ጠገራ ብር ከእጅ እጅ ሲዞር ያልቃል፤ ለአንገት ጌጥ ጆሮ ይበየድለታል፤ አንጥረኛም ያቀልጠዋል። በመሆኑም የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና አንበሳው ሳይደበዝዙ የመጀመሪያ ወዙን እንደያዘ የቆየው ከካታሎጉ በላይ ቢሸጥ ተገቢ ነው። ማርያ ትሬዛ ግን ከ1780 ወዲህ በተለያዩ ከተሞች በዚያው ዓመት ስም እየተመረተ ስለኖረ፣ የትና መቼ እንደተሠራ የሚለዩትን ጥቃቅን ምልክቶች ለማያውቅ ሰው ከብሩ ክብደት በላይ ብዙ የሚያስከፍል አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች፣ በተለይ በነሐስና በብር ላይ ወርቅ የተለበጠባቸው፣ በጥንቱ ዓለም አቻ የሌለው ጥበብ ይታይባቸዋል። በእነርሱ ላይ ጭማሪ የሚያስገኘው ከይዞታው እኩል፣ ሳንቲሙ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ የቆየ ሰነድ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል በመሆኑ፣ ሰነድ የሌለውን የአክሱም ሳንቲም ጠንቃቃ ገዢ በመመሪያው ዋጋም አይነካውም።