ጂን ኤክስፐርት ምንድን ነው?

ከሁለት ሳምንት በላይ ስሎ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው፣ አክታውን በትንሽ ዕቃ ሰጥቶ «ለጂን ኤክስፐርት ይላካል» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ጂን ኤክስፐርት የሳንባ ነቀርሳን፣ ማለትም የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ የሚለይ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ከደገፈው ወዲህ ቲቢ በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች ተሰራጭቷል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት።

ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ካስታወቀ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዋናው ምርመራ አክታን በቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ከሌለ ግን የሠለጠነ ዓይንም ሊያልፈው ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችና ሕፃናት ደግሞ አክታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ታመው ሳለ «ቲቢ የለባችሁም» ተብለው ወደ ቤታቸው የመመለስ ዕጣ የሚደርሳቸው እነዚሁ አቅመ ደካሞች ነበሩ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የቲቢ ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል አንድ ቀን ያህል ስለሚፈጅበት ውጤቱ ሳምንታት ያስጠብቃል።

ጂን ኤክስፐርት እስኪያድግ አይጠብቅም። አክታው ከማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ካርትሪጅ በሚባል የፕላስቲክ ዕቃ ተሞልቶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ባክቴሪያውን ሰብሮ ዘረመሉን ያወጣል፤ የቲቢ መለያ የሆነውን ቁራጭም እያሞቀና እያቀዘቀዘ ያባዛዋል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን አንድ ቁራጭ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ቁራጩን ሲያገኙ የሚያበሩ ሞለኪውሎች ስላሉ ማሽኑ ብርሃኑን አይቶ ውጤቱን ይናገራል። ሁሉም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ግን አብሮ የሚመጣው ሁለተኛው መልስ ነው፦ ባክቴሪያው ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ ተላምዷል ወይስ አልተላመደም? አርፒኦቢ በተባለው የባክቴሪያው ጂን ላይ 81 የዘረመል ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር ክፍል አለ። ሪፋምፒሲንን ከተላመዱት ባክቴሪያዎች ከመቶ 95 ያህሉ የተለወጡት እዚያ ላይ ነው። ቀድሞ ይህ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው የማይሠራለትን መድኃኒት ለወራት ከዋጠ በኋላ ነበር። በእነዚያ ወራት አንድ ክፍል ውስጥ አብረውት የሚያድሩ ልጆቹ የሚተነፍሱት ያንኑ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነበር።

መሣሪያው የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም። ስለዚህ እየዳነ ያለን ሰው እንኳ «ቲቢ አለበት» ሊል ይችላል፤ የሕክምና ክትትል አሁንም በማይክሮስኮፕና ባክቴሪያውን በማሳደግ የሚደረገው ለዚህ ነው። ከዚህ በፊት ለቲቢ የታከመ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር። ለምርመራ የሚሰጠውም ምራቅ ሳይሆን ከደረት በጥልቀት ተስሎ የወጣ አክታ ይሁን፤ የጠዋቱ ይመረጣል።